ለነብር የሚሆን መብራት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ነብር ገደልህ?» ይለኛል። መልሴን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔ ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍሁት ጠመንጃ ይዤ ሳይሆን መብራት ይዤ ነው። በዚያ ጊዜ በጎንደር ዙሪያ ከብት የሚፈጅ አውሬ ሲነሣ ከመሥሪያ ቤታችን ሁለት ሁለት ሰው ይላክ ነበር፤ አንዱ ተኳሽ፣ አንዱ መብራት ያዥ። ተኳሹ ስሙ ይጠራል፣ ይፎከርለታል። መብራት ያዡን የሚያስታውሰው የለም። ነገር ግን እሱ አጥርቶ ካላሳየ ተኳሹ የጎረቤቱን በሬ ይገድላል፤ ከዚያም የባሰ አለ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በማኪና በኩል ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጥሎት የሄደው ማኪና በየመንገዱ ዳር ወድቆ ቀርቶ ነበር። እኔ የተቀጠርሁበት ጋራዥ ከወደቀው እየፈታ የሚሄደውን ይጠግናል። የእኔ ድርሻ መብራት ሆነ። ሽቦ መቀጠል፣ አምፑል መቀየር፣ የጠቆረ መስታወት መወልወል ተማርሁ።

አንድ ቀን ካኪ ኮት የደረቡ፣ ቀጠን ያሉ ሰውዬ መጥተው የእጅ ባትሪ ዘረጉልኝ።

«ይህ ሲበራ ቀጭ ይላል» አሉኝ። «ቀጭ እንዳይል አድርግልኝ።»

«ምነው? ቀጭ ቢል ምን ይልዎታል?»

«እኔን ምንም አይለኝ። ጅቡ ነው የሚሰማው።»

መሳቄን አልደብቅም። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማብሪያውን ፈትቼ ከሥሩ ያለችውን ቆርቆሮ በቀጭን ጠፍር ሸፈንኋትና መለስሁላቸው። ጆሮአቸው ሥር አስጠግተው አበሩ፣ አጠፉ፣ ደግመው አበሩ። «ሸጋ ነው» ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡና ሥራዬን ትቼ ከእሳቸው ጋር እንድሄድ ጠየቁኝ። አያ አላምረው ይባላሉ። የመሥሪያ ቤቱ ተኳሽ ነበሩ።

የመጀመሪያው አለቃችን አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። ስለ መብራት ሲነገራቸው አይወዱም። «ጀግና በጨለማም ያያል» ይሉ ነበር። አያ አላምረው ደግሞ እጅ ነሥተው፣ «እውነት ነው ጌታዬ፤ አውሬው ግን ከጀግናው ይበልጥ ያያል» ብለው መለሱላቸው ይባላል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ይዘገይም ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ አያ አላምረው ግን የምለው ብዙ ነው። ሽማግሌ አዳኝ ሲባል ሰው የሚጠብቀው አዲስ ነገር የሚጠላ ሰው ነው። እሳቸው በተቃራኒው ነበሩ። አዲስ መብራት ገበያ ወጣ ከተባለ ምሳቸውን ትተው ይሮጣሉ። ከጎንደር ሰፈሮች በአንዱ፣ አዲስ ዓለም ውስጥ፣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው፤ ዕቃቸው ከአሥመራ በጭነት ማኪና ይመጣል። አያ አላምረው የመጡትን ባትሪዎች አንድ በአንድ ይዘው በጠራራ ፀሐይ ጋቢያቸውን ይከናነቡና ሱቁ ጥግ ላይ ቁጭ ይላሉ። ከውጭ የሚታየው አንድ ነጭ ክምር ነው፤ ከውስጡ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ሕፃናት ተሰብስበው ይሥቃሉ።

ሐጂ ሰይድ፣ «አያ አላምረው፣ ሱቄን ጠንቋይ ቤት አስመሰልህብኝ እኮ» ይሏቸዋል።

ከጋቢው ውስጥ መልስ ይመጣል። «ይህኛው ዓይኑ ሞራ አለበት፤ አንሣልኝ።»

ሞራ የሚሉት ብርሃኑ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ መካከሉ ላይ የምትታየውን ጥቁር ክብ ነበር። ያች ክብ አውሬው ላይ ስታርፍ ልክ የሚተኮስበትን ቦታ ትሸፍናለች። ሞራ የሌለበትን ካገኙ ደግሞ ይነቀንቁታል፤ ውስጡ ከተንኳኳ ይመልሱታል። ከዚያ እኔን ጣቴን በቀዝቃዛ ውሃ አስነክረው አብራው ይሉኛል። ደባርቅ ላይ በውርጭ የደነዘዘ ጣት ማብሪያውን ካላገኘው መብራቱ የለም ማለት ነው። የባትሪ ድንጋይም እንዲሁ ብርድ ይፈራል። እኛ ድንጋዮቹን ብብታችን ሥር አድርገን እንጓዝ ነበር፤ ልክ የጫጩት እንቁላል እንደ ታቀፈ ሰው።

ሌላው ልማዳቸው ስለ ዓይን ነበር። አደን ባለበት ቀን ፀሐይ ካዘቀዘቀች ጀምሮ እሳት አያዩም፣ እኔንም አያሳዩኝም። ባረፍንበት ቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ። ባለቤቶቹ ቅር ሲላቸው፣ «ዓይናችን ጾም ነው» ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ ምድጃው ላይ የሚጠበስ ሥጋ ሸተተኝና ዘወር አልሁ። በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«የሚቆርብ ሰው በልቶ ይመጣል?» አሉኝ።

«አይመጣም።»

«ጨለማን የሚያይ ዓይንም እሳት ቀምሶ አይመጣም።»

መጀመሪያ ረዘም ላለ ጊዜ የተላክነው ሳንጃ ነው። ቆላ ነው፤ ጅቡ በመንጋ እየመጣ የሰሊጥ ነጋዴዎችን አህያ ይፈጅ ነበር። እዚያ የወሰድነው ትልቁን፣ እየተነፋ የሚበራውን ማሾ ነበር። ገና ሲበራ የአገሩ ትንኝና የእሳት ራት ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። መስታወቱ ጠቆረ፣ አፋችን ሞላ፣ አያ አላምረው እያስነጠሱ ተኳሽነታቸውን ረሱት። ከዚያ በኋላ ቆላ ላይ መብራት እስክንፈልገው ድረስ አናበራም፤ ስናበራም በአጭሩ ነው።

ሥራዬን በትክክል ያወቅሁት እዚያው ሳንጃ ነው። ከነጋዴዎቹ አንዱ አብሮን አድፍጦ ነበር። አህዮቹን ያጣ ሰው ስለሆነ ተናዷል። ከፊት ለፊታችን ቁጥቋጦ ውስጥ ኮሽታ ተሰማ። አበራሁ። ሁለት ዓይኖች ከመሬት ዝቅ ብለው አረንጓዴ ሆነው ተንቦገቦጉ። ነጋዴው፣ «ያውና! ምነው አትተኩስም?» አለ።

አያ አላምረው ጠመንጃውን ደገኑ እንጂ አልተኮሱም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ዓይን አየሁ እንጂ አካል አላየሁም። ደሴ፣ ትንሽ ወደ ግራ» አሉኝ።

ብርሃኑን ወደ ግራ ሳብሁት። የተኛች በቅሎ አንገት ታየ። ከበቅሎዋ ሆድ ጋር ተጣብቆ አንድ መንገደኛ ኩታውን ተከናንቦ ተኝቷል። መሽቶበት እዚያው አርፎ ኖሯል። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ብድግ ብሎ፣ «ምነው እናንተ ሰዎች፣ ደክሞት የተኛ ሰው በመብራት ታውካላችሁ!» ብሎ ጮኸብን።

ነጋዴው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አያ አላምረው ጥይቱን ከጠመንጃው አወጡና መንገደኛውን ይቅርታ ጠየቁት። በማግስቱ መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ። «ዓይን ከብትም አለው፣ ውሻም አለው። አንተ የምታሳየኝ ዓይኑን አይደለም፤ ዓይኑ የተሰካበትን ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን አልናቅሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊታውራሪው ተዛወሩና አቶ መኮንን የሚባል ወጣት አለቃ ከአዲስ አበባ መጣ። የተማረ፣ ትሑት ሰው ነበር። ገና በመጣ ሰሞን ጠርቶን፣ «ለሥራችሁ ምን ይጎድላችኋል?» አለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተን ስለማናውቅ ተያየን። አያ አላምረው ግን አፍታም አልቆዩ፤ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ዓይናቸውን የጣሉበት ነገር ነበር። ከጭነት ማኪና ላይ የሚሰካ፣ እንደ ድስት ክዳን የሰፋ መብራት ነው። የሚበራው በማኪና ባትሪ ስለሆነ ባትሪውን አህያ ይሸከመዋል።

ተገዛ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ አመሻሽ አዘዞ ሜዳ ላይ ወስደን ሞከርነው። አቶ መኮንን ራሱ መጥቶ ነበር። አንዲት ፍየል በሩቅ አሰርንና አበራሁት። የፍየሏ ጢም አንድ በአንድ ታየ። አያ አላምረው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። «ከእንግዲህ ጨለማ የሚባል ነገር ከበጌምድር ተሻረ!» አሉ። ሦስታችንም ደስ ብሎን ተመለስን። ያልሞከርነው ነገር እንዳለ አንዳችንም አልታየንም።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ድብ ባሕር ከሚባል የደጋ መንደር ሰው መጣ። ነብር መንደር ለምዷል፤ በፊት ፍየል ነበር የሚወስደው፣ አሁን ሰው ነክቷል። ወይዘሮ የሺ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ልጇ ማሬ ገና ለጋ ልጃገረድ ናት። ፍየሎቹ ሲንጫጩ ማሬ የጋጣውን በር ከፈተች፤ ነብሩ ውስጥ ኖሯል። ትከሻዋንና ጉንጯን ቧጥጦ በላይዋ ዘሎ ሄደ። እኛ ስንደርስ ልጅቷ በጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችን፦

«ዘግይታችሁ መጣችሁ። አሁን ግን ሳትገድሉት አትሂዱብኝ። መንደሩ በቀን ተዘግቷል። ቄሱ እንኳ ለኪዳን መውጣት ፈርተዋል።»

«ሳንገድለው አንሄድም እቴ» አሉ አያ አላምረው።

ከጋጣው በላይ ካለ የድንጋይ ካብ ጀርባ ተቀመጥን። ትልቁን መብራት ከአያ አላምረው ትከሻ በላይ አድርጌ ካቡ ላይ ደገፍሁት። ዓይናችንን አጹመን ጨለማውን ለመድነው፤ ኮከቡ እንኳ ይበቃን ነበር። ከዚያ ከገደሉ ሥር ጉም ወጣ። መጀመሪያ እግራችንን፣ ቀጥሎ ጋጣውን ሸፈነ። ፍየሎቹ በድንገት ዝም አሉ።

አያ አላምረው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። አብራ ማለታቸው ነው። አበራሁ።

ወተት ውስጥ የተነከርን መሰለን። ብርሃኑ ጉሙን መትቶ ተመልሶ በእኛው ዓይን ላይ አረፈ። ፊት ለፊታችን ነጭ ግድግዳ ቆመ፤ ጋጣ የለም፣ ነብር የለም፣ የጠመንጃው አፈሙዝ ብቻ ያበራል። «አጥፋ! አጥፋ!» አሉኝ። አጠፋሁ። አሁን ደግሞ ሁለታችንም ዕውር ነን። ያን ሁሉ የጾመ ዓይን በአንድ ጊዜ አበላሸነው። ነብሩ ግን የት እንደተቀመጥን በደንብ አይቶ ነበር።

ድምፅ አልሰማሁም። አያ አላምረው ከአጠገቤ ወደ ኋላ ተገለበጡ። ጠመንጃው ከካቡ በታች ሲወድቅ ተሰማኝ። ከዚያ ያለውን በእጄ ነው የማስታውሰው፤ መብራቱን በሁለት እጄ አንሥቼ ጠጉር የነካኝ ቦታ ላይ መታሁ፣ ደግሜ መታሁ፣ መስታወቱ ተሰበረ፣ እኔ እጮሃለሁ። መንደርተኛው ችቦ ይዞ እየጮኸ ወጣ። ነብሩ ለቀቃቸውና ሄደ። በችቦው ብርሃን ሳያቸው ቀኝ እጃቸው ከክርናቸው በታች ተበጣጥሷል።

መንገድ ዳር አውጥተን አንድ የጭነት ማኪና ለመንን። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ጋቢና ውስጥ አስገብቶን ወደ ጎንደር ነዳ። እጃቸውን በኩታዬ አስሬ ይዤዋለሁ። ጉሙ መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌሩ ላይኛውን መብራት አጠፋና ከማኪናው ከንፈር ሥር ዝቅ ብሎ የተሰካ፣ መስታወቱ ቢጫ የተቀባ ትንሽ መብራት አበራ። አስፋልቱ ከጉሙ ሥር ብቅ አለ።

አያ አላምረው ዓይናቸውን ገለጡ። «አየኸው?» አሉኝ።

«ምኑን አያ?»

«ዝቅ አደረገው። ቢጫ ነው። አየኸው?»

የሚቃዡ መስሎኝ፣ «አይዞዎት፣ ደርሰናል» አልኋቸው።

«ሞኝ» አሉኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሐኪሙ እጃቸውን አተረፈላቸው፤ ጣቶቻቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልጨበጡም። አቶ መኮንን ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ጀመር። በመጨረሻ፣ «አያ፣ ያን መብራት ባልገዛው ኖሮ» አለ።

«ምነው? ሸጋ መብራት ነው የገዛኸው» አሉት። «ለቆላ ነው። ደጋ ላይ ጉሙን ማን ጠየቀው? አዘዞ ላይ ፍየሏን ጠየቅን እንጂ።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ከእንግዲህ ተኳሹ ይህ ነው። መብራቱን እኔ እይዛለሁ።»

«በየትኛው እጅዎ?» አልሁ ሳላስበው።

ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና አሳዩኝ። «ይህንን እግዜር ለምን ያተረፈው ይመስልሃል?»

ያን ቀን ፈራሁ። ጠመንጃ እሳቸው አስተምረውኝ ነበር፤ በዒላማ መጥፎ አልነበርሁም። ነገር ግን ዒላማ አይዘልብህም። የፈራሁትን አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ከሐኪም ቤት እንደወጡ መብራት ፍለጋ ጀመርን። የምንፈልገውን አሁን እናውቃለን፤ ደብዘዝ ያለ፣ ቢጫ፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ የሚያበራ፣ ብርሃኑ ወደ ላይና ወደ ጎን የማይፈስስ። ከሐጂ ሰይድ ተራ የላምባ ፋኖስ ወሰድን። ከቆርቆሮ ሽፋን ሠራሁለት። ሲሞቅ ቆርቆሮው ጧ ጧ ማለት ጀመረ። ሐጂ ሰይድ ሳቁና፣ «የማይጮህ ነገር ከፈለጋችሁ ሸክላ ነው። ወለቃ ሂዱ» አሉን።

ወለቃ ሸክላ ከሚሠሩት ሴቶች መካከል ወይዘሮ ትርንጎ እጇ የታወቀ ነበር። ፋኖሱን ፊቷ አስቀምጠን ይህን የሚያለብስ፣ በፊት በኩል ብቻ ጠባብ አፍ ያለው ነገር አልናት። ዙሪያውን አገላብጣ አየችው።

«ጭሱ በየት ይወጣል?» አለች።

እኔና አያ አላምረው ተያየን። አላሰብንበትም።

«በኋላው አንገት አወጣለታለሁ፤ አንገቱን አጥፌ ወደ ታች ብመልሰው ብርሃን አያወጣም» አለች። «ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለነብር።»

«ነብር ማንበብ ጀመረ?» ብላ ሳቀች። የአያ አላምረውን እጅ ስታይ ግን ሳቋን አቆመች።

የመጀመሪያው እሳት ውስጥ ሲጠበስ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ለእጅ ከበደ። ደግማ ስስ አድርጋ ሠራችና ለግራ እጅ የሚሆን ጆሮ አወጣችለት። እዚያው ጎጆዋ ውስጥ በሩን ዘግተን አበራነው። አንዲት ቢጫ መንገድ መሬቱ ላይ ተዘረጋች፤ ከዚያ ውጭ የገዛ ጉልበታችን አይታየንም። አያ አላምረው በግራ እጃቸው አንሥተው ከፍ ዝቅ አደረጉት። «እቴ ትርንጎ፣ እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ድብ ባሕር ስንመለስ ማሬ ተነሥታ ቁጭ ብላለች። ጉንጯ ላይ ያለው ቁስል ሽሯል። ነብሩ አሁንም ይመጣል። በዚህኛው ጊዜ ከካቡ ጀርባ አልተቀመጥንም። እኔ ከጋጣው በላይ ካለች ትንሽ ማማ ላይ ወጣሁ። አያ አላምረው ከእኔ ራቅ ብለው፣ በጎን በኩል፣ ዙሪያቸውን በእሾህ አሳጥረው መሬት ላይ ተኙ። መብራቱና ጠመንጃው አንድ ቦታ እንዳይሆኑ ያሉት እሳቸው ናቸው። «የእኔ ብርሃን ከጎኑ ይምታው፤ የአንተ ዓይን ከላይ ይየው» አሉኝ። ከመሄዳቸው በፊት ዞር አሉና፣ «ባታየው አትተኩስ። ከሄደ ይሂድ፤ ነገ ይመለሳል» አሉ። ይህ ቃል ፍርሃቴን ግማሽ አደረገው።

ጉሙ እንደ ልማዱ መጣ። ፍየሎቹ ዝም አሉ። ከመሬቱ ላይ ቢጫዋ መንገድ ቀስ ብላ ተዘረጋች፤ ቀጭ አላለችም፣ ጧ አላለችም። ከጉሙ ሥር መጀመሪያ አራት እግር አየሁ። ሌላው አካል የለም፤ እግር ብቻ ቆሟል። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። አልሳብሁም። አያ አላምረው እኔ የማየውን አላዩም፤ ነገር ግን የምፈልገውን ያውቃሉ። ብርሃኗ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አለች። ደረቱ ታየ፤ ነጠብጣቡ ታየ፤ ትከሻው ታየ። እዚያ ላይ ቆመች። ያች ግራ እጅ እዚያው ያዘቻት።

ተኮስሁ።

ነብሩ አንዴ ወደ ላይ ተነሣና በጎኑ ወደቀ። ብርሃኗ እላዩ ላይ እንዳለች ቆየች። ብዙ ቆይተው፣ «አይነሣም። ውረድ» አሉኝ። ስወርድ ከማማው መሰላል ተንሸራተትሁ። በዚያ ሁሉ መካከል ሳቁብኝ።

ሲነጋ መንደሩ ተሰበሰበ። ሆ ተባለ፣ ተተኮሰ፣ ተፎከረ። ገዳይ እየተባልሁ ትከሻ ላይ ወጣሁ፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ወይዘሮ የሺ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ አያ አላምረው ነው። የማይጨብጠውን እጃቸውን ይዛ ሳመችው። ማሬ ነብሩን ልታየው ወጣች፤ ዙሪያውን ዞረችና፣ «ትንሽ ነው ለካ» አለች። ሁሉም ሳቀ።

ከሰዎቹ አንዱ የሸክላውን መብራት አንሥቶ እያየ የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቀ። አያ አላምረው ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የወለቃዋ የትርንጎ ነው» አሉ። ሰውየው ቶሎ አስቀመጠው። «ሸክላ ሠሪዎች እኮ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባላል» አለ።

«ወንድሜ» አሉት አያ አላምረው፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጅብ ገድያለሁ፤ አገላብጬ ገፍፌአለሁ። እንደሚወራው ጉትቻ ያደረገ አላየሁም። ያች ሴት ማታ ማታ ምን እንደምትሆን ልንገርህ? ደክሟት ትተኛለች።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ የሺ ቤቷ ገብታ አንድ ቅል ማር አወጣች፤ ለትርንጎ አድርሱልኝ አለችን። አደረስን። ትርንጎ ማሩን ተቀብላ ስለ ልጅቷ ጤንነት ጠየቀችን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እንዲሁ ሠራን፤ እኔ ተኳሽ፣ እሳቸው መብራት ያዥ። የተሰበረውን ትልቁን መብራት ጠግኜ ሳንጃ ወሰድነው፤ እዚያ እውነትም ጨለማን ሻረ። አቶ መኮንን ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ መብራት ከመግዛቱ በፊት፣ «የት ነው የምትወስዱት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለጅብ ቀይ መስታወት ያለበት ባትሪ እንደሚሻል በኋላ ደረስንበት፤ ጅቡ ቀዩን እንደ ነጩ አይሸሸውም። የሩቅ መነጽርም አመሻሽ ላይ ዓይን ከሚያየው በላይ ብርሃን እንደሚሰበስብ አቶ መኮንን አሳየን። አያ አላምረው እያንዳንዱን ነገር በጋቢያቸው ውስጥ ሞክረውታል። ያረፉት ቤታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል፣ ዕድሜ ጠግበው ነው።

እኔ ሥራ ልለቅ ስል ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ነብር ያለ ፈቃድ መግደል ተከለከለ። ሥራችን አውሬ መግደል ቀርቶ ገበሬው ጋጣውን እንዲያጠብቅ ማስተማር ሆነ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ከፋቸው። እኔን አልከፋኝም። ነብር በገዛ ገደሉ ቢኖር ከእኔ ጋር ምንም ጠብ የለውም።

አሁን ከሐጂ ሰይድ ልጅ ከኑሩ ጋር ሱቁ ውስጥ እውላለሁ። ሐጂ ካረፉ ወዲህ ሱቁን የያዘው እሱ ነው። የተበላሸ ፋኖስና ባትሪ እጠግናለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ግን ሰው መምከር ይቀናኛል። ባለፈው ዓመት ከዳባት የመጣ አንድ ገበሬ ጅብ አህያውን እንደበላበት ነግሮኝ ከሁሉ የሚበልጠውን ባትሪ እንድመርጥለት ጠየቀኝ።

«አጥርህ ከፍታው የት ይደርሳል?» አልሁት።

ደረቱን አሳየኝ።

«እንግዲያው መብራት አትግዛ። ገንዘብህን አስቀምጥና ድንጋዩን ከራስህ በላይ ካበው፤ ላዩን እሾህ አልብሰው።»

ሰውየው አመስግኖ ባዶ እጁን ሄደ። ኑሩ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «አያ ደሴ፣ እንዲህ ከመከሩማ ሱቃችንን ዘግተን አጥር ልንሠራ ነው» አለኝ።

ሰውየው ዘንድሮ ተመለሰ። አጥሩ ከቆመ ወዲህ ጅብ ዞር ብሎ አላየውም። አሁንም ግን መብራት እፈልጋለሁ አለ። «ለእኔ አይደለም» አለኝ። «ሚስቴ አዋላጅ ናት። ማታ እየተጠራች ትሄዳለች፤ የምትሠራው በጭላንጭል ነው።»

ባትሪዎቹን ሁሉ ወደ ጎን አደረግሁ። እጇ ነፃ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የሚንጠለጠል። መንገድ ላይ ነፋስ የማያጠፋው። ዓይን የማይወጋ። ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ትንሽ ፋኖስ አወረድሁና መስታወቷን በአንድ በኩል በስስ ነጭ ወረቀት ለበጥሁላት፤ ብርሃኗ ለስለስ አለ። ምሰሶ ላይ የሚሰካ ማንጠልጠያ ሜንጦ ሠራሁላት። ገበሬው ነብር ለመግደል ያን ያህል ተጨንቄ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለዚህኛው ይበልጥ እንደተጨነቅሁ ነገርሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቱ ራሷ ገበያ መጥታ ሱቁን ጠየቀች። ረዘም ያለች፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«መብራቱን የመረጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው። ከትናንት ወዲያ አንድ ልጅ ተቀበልሁበት። ሌላ ጊዜ ሲወለዱ ብርሃኑን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጮኻሉ። ይኸኛው አልጮኸም። ዓይኑን ገልጦ መብራቱን ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ እናቱን አየ።»

ኑሩ ወንበር አመጣላት። እኔም የጀመርሁትን ፋኖስ አስቀምጬ ስለ ልጁ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።